«ለሁሉም» የምትለው ቃል

የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አለ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እኩልታ ይጽፋል፤ በግራ ሳይንና ኮሳይን የተደባለቁበት ክፍልፋይ፣ በቀኝ ሌላ ክፍልፋይ። ትእዛዙ «አረጋግጡ» ይላል። ተማሪው ከአንዱ ወገን ተነሥቶ፣ በየመስመሩ የሚታወቅ ነገር እየተካ፣ ሌላው ወገን ላይ መድረስ አለበት። የእኩል ምልክቱን እየተሻገረ ከግራ ወደ ቀኝ ማመላለስ አይፈቀድለትም፤ 30 ዲግሪ አስገብቶ «ይኸው ገጠመ» ቢልም ነጥብ አያገኝም። ብዙዎች ይህን የመምህራን ግትርነት አድርገው ይቆጥሩታል። ቁጥሩ ከገጠመ ሌላ ምን ቀረ? ቅሬታው ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን ከመምህሩ ጠባይ ሳይሆን ከታሪክ የሚገኝ ነው። ተማሪዎች አይደንቲቲ የሚሉት እኩልታ አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል፤ ማዕዘኑ ምንም ይሁን ምን፣ ለሁሉም፣ ግራው ከቀኙ እኩል ነው ይላል። ይህች «ለሁሉም» የምትለው ቃል በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ እየሰፋች ሄዳለች። በሰፋች ቁጥር የቀድሞው ዘመን ማረጋገጫ እየጠበበ ሌላ መፈለግ ግድ ሆኗል። ደብተር ላይ መስመር በመስመር የሚወርደው አሠራርም ከዚያ መስፋት የተወለደ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሰማይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን በሮድስ ደሴት ከዋክብትን ይከታተል የነበረው ሂፓርኮስ የአውታሮችን ርዝመት የሚያሳይ ሠንጠረዥ እንዳዘጋጀ ይነገርለታል፤ ሠንጠረዡ ግን ጠፍቷል። አውታር ማለት በክብ ዙሪያ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ ቀጥታ መስመር ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ቅስት እንደ ደጋን ቢታይ፣ አውታሩ የደጋኑ ጅማት ነው። ከሂፓርኮስ ወደ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ150 ገደማ፣ አንባቢ በመንበረ ማርቆስነቷ በሚያውቃት በእስክንድርያ፣ ክላውዲዮስ ቶለሚ ዐረቦች በኋላ አልመጅስጢ ያሉትን መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ዲያሜትሩን 120 እጅ ያደረገ ክብ ወስዶ፣ ከግማሽ ዲግሪ ተነሥቶ በግማሽ ዲግሪ እየጨመረ እስከ 180 ዲግሪ ድረስ የ360 አውታሮችን ርዝመት አሰፈረ። እነዚህን ርዝመቶች በገመድም በማስመሪያም ለክቶ ሊያገኛቸው አይችልም ነበር፤ የፈለገው ጥራት በእጅ ከሚለካ በላይ ነውና። የ60 ዲግሪ አውታር ከሬዲየሱ ጋር እኩል ስለሆነ 60 እጅ ነው። የ36ና የ72 ዲግሪ አውታሮች ደግሞ ክብ ውስጥ ከሚሣሉት ባለ አሥር ጎንና ባለ አምስት ጎን ቅርጾች ይገኛሉ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የሚቀጥለው በአይደንቲቲ ብቻ ነው።

የቶለሚ አይደንቲቲ ሥዕል ነበረ። አራቱም ጫፎቹ ክቡ ላይ ያረፉ ጎነ አራት ውሰዱ፤ የሁለቱ ሰያፎች ብዜት የተቃራኒ ጎኖች ብዜቶች ድምር ነው። ይህን አንድ ጊዜ በጂኦሜትሪ ካረጋገጠ በኋላ፣ የሁለት ቅስቶች አውታር በእጁ ካለ የልዩነታቸውንም አውታር ያገኛል። ከ72 ላይ 60 ተቀንሶ 12 ዲግሪ ይመጣል፤ በሌላ ቀመር በግማሽ በግማሽ እየተከፈለ 6፣ 3፣ አንድ ተኩል፣ በመጨረሻም የአንድ ዲግሪ ሦስት አራተኛ ይሆናል። ዛሬ የሁለት ማዕዘኖች ልዩነት ሳይን ብለን የምንሸመድደው ቀመር ሌላ ልብስ የለበሰው ይኸው ሥዕል ነው። መንገዱ የሚቆመው 1 ዲግሪ ላይ ነው፤ ማዕዘንን ለሦስት መክፈል በማስመሪያና በኮምፓስ አይሆንለትም። ስለዚህ ቶለሚ የ1 ዲግሪን አውታር ከላይና ከታች አጣብቆ ያዘው፤ ባሰፈረው የጥራት ደረጃ ቁጥሩ ከ1 እጅ ከ2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይበልጣልም ያንሳልም የሚል ውጤት አገኘና ያንኑ ወሰደ። የጥንት ሊቅ እንዲህ በግልጽ «እዚህ ላይ ግምት ነው» ሲል ማየት ደስ ይላል። ልብ ማለት የሚያሻው ግን የእሱ «ለሁሉም» እስከ የት እንደምትደርስ ነው። ቅስቱ ከዜሮ በላይ ነው፣ ከግማሽ ክብ አያልፍም፣ ከዜሮ በታች የሚባል ርዝመት የለም። በዚህ አጥር ውስጥ አንድ በትክክል የተሣለ ሥዕል ለሁሉም ይበቃል፤ መስመር በመስመር ማስላት የሚጠይቅ ችግር ገና አልተወለደም።

ሕንድ ውስጥ አርያብሃታ በ499 ሙሉውን አውታር ትቶ ግማሹን ያዘ፤ ይህ ትንሽ የምትመስል ለውጥ አሠራሩን እጅግ አቀለለችው። ሬዲየሱን 3438 ደቂቃ አድርጎ በየ225 ደቂቃው፣ ማለትም በየ3 ዲግሪ ከ45 ደቂቃው፣ 24 ግማሽ አውታሮችን ሰጠ። የሳይን ስም ጉዞም ከዚህ ይነሣል። የሳንስክሪቱ ጅያ፣ የደጋን ጅማት ማለት ነው፣ በሌላ አጠራሩ ጂቫ ሆኖ ወደ ዐረብኛ ሲገባ ጂባ ተባለ። አናባቢ በማይጻፍበት ጽሕፈት ቃሉ ጃይብ ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ተርጓሚዎች ጉያ ማለት መሰላቸውና በላቲን ሲኑስ አሉት። በእኛ ፊደል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሳይን ሌላ ስም ይኖረው ነበር። ለክርክራችን ከአርያብሃታ ይልቅ የሚጠቅመን ግን በ7ኛው ክፍለ ዘመን የእሱን መጽሐፍ ያብራራው ቀዳማዊ ባስካራ ነው። ባስካራ ሠንጠረዥ ሳያስፈልግ ሳይንን በቀጥታ የሚያወጣ ቀመር አስቀመጠ። ማዕዘኑን በዲግሪ ያዙ፤ ከ180 ቀንሱትና ቀሪውን በራሱ በማዕዘኑ አባዙ። የዚህ ብዜት አራት እጥፍ ላዕል ይሁን፤ ታህቱ 40500 ሲቀነስ ያው ብዜት ይሁን። በ30 ዲግሪ ሞክሩት፤ 18000 ለ36000፣ ግማሽ፣ ልክ ነው። በ90 ዲግሪ 32400 ለ32400፣ 1፣ ልክ ነው። በ0፣ በ150 እና በ180 ዲግሪም ልክ ነው። አምስት ማዕዘን፣ አምስት ጊዜ ያለ አንዳች ስሕተት ገጠመ። በ45 ዲግሪ ግን ቀመሩ 12 ለ17 ይሰጣል፣ ይህም 0.7059 ገደማ ነው፤ እውነተኛው ሳይን 0.7071 ገደማ ነው። ልዩነቱ የትም ቦታ ከሺህ ሁለት እጅ አይደርስም፤ ለዘመኑ ሥነ ፈለክ ድንቅ ቀመር ነው። እኩልነት ግን አይደለም። «30 ዲግሪ አስገብቼ ገጠመልኝ» ለሚለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ ወደ ባግዳድ ተሻገረ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አቡል ወፋ አል ቡዝጃኒ የሁለት ማዕዘኖችን ድምር ሳይን የሚሰጠውን ቀመር በቶለሚ አውታር በኩል ሳይዞር በቀጥታ በሳይን አረጋገጠ፤ ታንጀንትንም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሥርዓት አዋለው። ከሱ ጥቂት ዘግይቶ አል ቢሩኒ ሬዲየሱን 1 አድርጎ መሥራት ጀመረ፤ አውሮፓ ይህን ልማድ የያዘችው ከ700 ዓመት በኋላ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ናሲሩዲን አል ቱሲ ትሪጎኖሜትሪን ከሥነ ፈለክ አገልጋይነት አውጥቶ ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው። ነገር ግን የአይደንቲቲን ሥራ ከሁሉም አጉልቶ የሚያሳየው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሳማርካንድ፣ በኡሉግ ቤግ መመልከቻ ይሠራ የነበረው አል ካሺ ነው። ቶለሚን ያቆመችው 1 ዲግሪ እሱንም ገጠመችው። እሱ ግን ከላይና ከታች ከማጣበቅ ይልቅ አይደንቲቲውን እኩልታ አደረገው። የማንኛውም ማዕዘን ሦስት እጥፍ ሳይን፣ የማዕዘኑ ሳይን ሦስት እጥፍ ሲቀነስ የሳይኑ ኪዩብ አራት እጥፍ ነው። የ3 ዲግሪ ሳይን በጂኦሜትሪ ይታወቃል፤ ስለዚህ የማይታወቀው የ1 ዲግሪ ሳይን ብቻ ነው። አል ካሺ ያንን የ3ኛ ደረጃ እኩልታ እየደጋገመ በማጥራት የ1 ዲግሪን ሳይን በአሥር ቤት ቢጻፍ ከ15 አሃዝ በላይ ትክክል በሆነ ጥራት አወጣ። እንግዲህ ያ የሦስት እጥፍ ቀመር «በሞከርናቸው ማዕዘኖች ላይ ገጥሟል» ከሚባል ዓይነት ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ባስካራው ቀመር ከሺህ አንድ እጅ ቢያዛባ ኖሮ፣ አሥራ አምስት አሃዝ ማስላት ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። ሠንጠረዥ የሚታመነው ከሥሩ ያለው እኩልነት በታመነበት መጠን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሕንዶች ቀመሮቻቸውን በግጥም ሲያስተላልፉ ማረጋገጫ አይጽፉም ነበር፣ ሥራቸው ግን ሠራ፣ ስለዚህ ማረጋገጥ ትርፍ ነገር ነው የሚል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ የጥንቶቹ መጻሕፍት አጫጭር ስንኞች ናቸውና ምክንያቱን ለመምህሩ አፍ ይተዋሉ። ያልተጻፈ ሁሉ ያልታሰበ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ሕንድ በኬራላ ከማዳቫ ጀምሮ በመምህርና በደቀ መዝሙር የተያያዘ ትምህርት ነበረ፤ ሳይንና ኮሳይንን ማለቂያ በሌለው ድምር መግለጽ የቻሉት እነሱ ናቸው። በ1530 ገደማ ጄሽታዴቫ የዚህን ትምህርት ማረጋገጫዎች በሕዝቡ ቋንቋ በማላያላም በስድ ንባብ ጻፋቸው። የመጽሐፉ ስም ዩክቲባሻ ነው፤ ዩክቲ ማለት ምክንያት፣ አሳማኝ ነገር ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን የቃል ማብራሪያ ሳይሰማ ጉባኤ ዘርግቶ እንደማያስተምር ሁሉ፣ ስንኙን ብቻ አይቶ «ምክንያት አልነበራቸውም» ማለት የጉባኤውን ግማሽ ሳይሰሙ መፍረድ ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ አይደንቲቲ የስሌት ማሽን ሆነ። የኑረምበርጉ ዮሐንስ ቨርነር የተጠቀመበት ዘዴ ማባዛትን ወደ መደመር ይለውጥ ነበር፤ የሁለት ኮሳይኖች ብዜት የድምራቸውና የልዩነታቸው ኮሳይኖች ተደምረው በሁለት ሲካፈሉ የሚገኘው ነውና። ረጃጅም ቁጥሮችን በእጅ ለሚያባዛ የሥነ ፈለክ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ጳውሎስ ቪቲክ በ1580 ያኔ የዴንማርክ ወደ ነበረችው ወደ ቬን ደሴት መጥቶ ከቲኮ ብራሄ ጋር ሠርቶበታል። በ1614 ናፒየር ሎጋሪዝምን ሲያወጣ ዘዴው ተረሳ። የዘመኑ ትልቅ ለውጥ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሕግ አዋቂውና የንጉሥ አማካሪው ፈረንሳዊ ፍራንሷ ቪዬት በ1591 የሚታወቁትንም የማይታወቁትንም መጠኖች በፊደል መጻፍ አስተማረ። እስከዚያ ድረስ እኩልነት በሥዕል የሚታይ ወይም በዓረፍተ ነገር የሚነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚገለበጥ፣ የሚቀናነስ፣ የሚተካ ጽሑፍ ሆነ። በ1593 አድሪያን ቫን ሮመን የ45ኛ ደረጃ እኩልታ ለሊቃውንት ሁሉ አቀረበ። የኔዘርላንድስ አምባሳደር ለንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በፈረንሳይ ይህን የሚፈታ የለም ብሎ እንደነበርና ቪዬት ተጠርቶ ወዲያው አንድ መልስ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌሎቹን እንደሰጠ ይተረካል። ቪዬት ያየው ነገር እኩልታው የአንድ ቅስት አውታር ከቅስቱ አርባ አምስተኛ አውታር ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገልጽ መሆኑን ነው፤ አውሬ የመሰለው ነገር የተደበቀ አይደንቲቲ ነበር። ያወጣቸው መልሶች 23 ናቸው። 45ኛ ደረጃ እኩልታ 45 መልስ ነበረው፤ 22ቱ ኔጋቲቭ ስለሆኑ ለቪዬት መልስ አልነበሩም። ፊደሉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ ሰውየው «ለሁሉም» ሲል ገና የሚለካ አውታርን ያስብ ነበር። እዚህ ላይ ምልክቱ ከባለቤቱ ቀድሞ ሄዷል።

ቀሪውን በር የከፈተው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። በ1748 በሎዛን በታተመው የትንተና መግቢያ መጽሐፉ ሳይንና ኮሳይንን የመስመር ርዝመት መሆናቸውን አስቀርቶ የቁጥር ፈንክሽን አደረጋቸው። ሬዲየሱ 1 ሆነ፤ በየቀመሩ ይጎተት የነበረው የሬዲየስ ካሬ ጠፋና ሳይን ካሬ ሲደመር ኮሳይን ካሬ 1 ነው የሚለው ዛሬ የምናውቀው መልክ ጸና። ማዕዘኑ 270 ይሁን፣ 1000 ይሁን፣ ኔጋቲቭ ይሁን፣ ኢማጂነሪ ቁጥር እንኳ ይሁን፣ ሳይን አለው። «ለሁሉም» በእውነት ለሁሉም ሆነች፤ ወጥመዱም አብሮ ተከፈተ። ከካሬዎቹ ቀመር ተነሥቶ ሳይን የ1 ሲቀነስ ኮሳይን ካሬ ስኩዌር ሩት ነው ብሎ መጻፍ ይቀላል። ለቶለሚ ይህ እውነት ነበረ፤ እሱ ዘንድ ኔጋቲቭ የሚባል አልነበረምና። ለኦይለር ግን በ270 ዲግሪ ግራው ኔጋቲቭ 1፣ ቀኙ 1 ይሆናል። ሁለቱን ወገን ካሬ አድርጎ የሚያረጋግጥ ተማሪ ይህን ሐሰት «እውነት» ብሎ ያሳልፈዋል፤ ካሬ ማድረግ ምልክትን ያጠፋልና። የእኩል ምልክቱን ተሻግሮ አለመሥራት የሚለው ሥርዓት የሚጠብቀው ይህን በር ነው።

እስቲ አንዱን እንከተል። በግራ 1 ሲቀነስ ኮሳይን ለሳይን አለ፤ በቀኝ ሳይን ለ1 ሲደመር ኮሳይን። ከግራው እንነሣ። ላዕሉንም ታህቱንም በ1 ሲደመር ኮሳይን እናባዛ፤ በ1 ማባዛት ስለሆነ ዋጋው አይለወጥም። ላዕሉ 1 ሲቀነስ ኮሳይን ካሬ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሳይን ካሬ ነው። ታህቱ ሳይን ሲባዛ 1 ሲደመር ኮሳይን ነው። አንዱን ሳይን ከላይና ከታች ብናጣፋ ቀኙን አገኘን። ሦስት እርምጃ ነው፣ እያንዳንዱም ምክንያቱን ይዞ የቆመ። ከዚህም በላይ እርምጃዎቹ እስከ የት እንደሚሠሩ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሳይንን ማጣፋት የሚቻለው ሳይን ዜሮ ካልሆነ ነው። በ0 ዲግሪ ግራው ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ትርጉም ያጣል፣ ቀኙ ግን ዜሮ ለ2 ነው። ሥዕል ይህን አይነግርህም፤ ካልኩሌተርም «ስሕተት» ከማለት በቀር ምክንያቱን አይሰጥህም። እንዲህ ያለው መልመጃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በብዛት ሰፈረ፤ የሎኒ የ1893 ትሪጎኖሜትሪ ሕንድ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። ከመብዛቱ የተነሣ መልመጃው ከታሪኩ ተቆርጦ የቀረ የማጠንከሪያ ስፖርት መስሏል፤ በዚህ የተማሪውን መሰልቸት እረዳለሁ። በሁለቱም ወገን መሥራት ክልክል ነው የሚለውም ትእዛዝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሎጂክ በላይ የጠበቀ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ከሆነ ከሁለቱም ወገን ተነሥቶ መሐል ላይ መገናኘት ምንም ነውር የለውም። ነውሩ የሚረጋገጠውን እንደተረጋገጠ ቆጥሮ ተነሥቶ፣ የማይመለስ እርምጃ ተራምዶ፣ ዜሮ እኩል ዜሮ ላይ ሲደርስ «ጨረስኩ» ማለት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የዘመናችን ነው፤ ኮምፒውተር ካለ ይህ ሁሉ ለምን? ለትምህርት ቤቱ ዓይነት እኩልነት ተቃውሞው ትልቅ እውነት አለው። ሳይንና ኮሳይንን በግማሽ ማዕዘን ታንጀንት በመተካት ማንኛውንም እንዲህ ያለ እኩልነት ወደ ተራ አልጀብራ መመለስ ይቻላል፤ ማሽኑም ያለ ስሕተት ይወስናል። ቁጥር አስገብቶ መሞከርም ቢሆን አንዳንዴ ሙሉ ማረጋገጫ ነው። የሁለቱ ወገኖች አገላለጾች የማዕዘኑ፣ የእጥፉ፣ የሦስት እጥፉ ሳይኖችና ኮሳይኖች ድምር ብቻ ከሆኑና ትልቁ እጥፍ 3 ከሆነ፣ በአንድ ዙር ክብ ውስጥ በ7 የተለያዩ ማዕዘኖች በትክክል ከገጠሙ በሁሉም ይገጥማሉ፤ ደንቡ የትልቁ እጥፍ ሁለት እጥፍ ሲደመር 1 ነው። ግን ይህን ደንብ ያመንነው ማዕዘን እየሞከርን አይደለም፤ እሱ ራሱ በእርምጃ የተረጋገጠ ነው። የባስካራ ቀመር ደግሞ ከሳይንና ከኮሳይን ስላልተሠራ በደንቡ ጥላ ሥር አይገባም፤ አምስት ቀርቶ ከዚያ በላይ ቢገጥምም አያድነውም። ነገሩ ሲሰፋ ማሽኑም ይቆማል። በ1968 ዳንኤል ሪቻርድሰን እንዳረጋገጠው፣ ሳይን፣ ኤክስፖነንሻል፣ ፍጹም ዋጋና እንደ ፓይ ያሉ ቋሚ ቁጥሮች እንደልብ በሚቀላቀሉበት ዓለም ውስጥ አንድ የሒሳብ አገላለጽ በሁሉም ቦታ ዜሮ መሆን አለመሆኑን ለሁሉም የሚወስን አንድም ዘዴ ሊኖር አይችልም።

የ20፣ የ40ና የ80 ዲግሪ ኮሳይኖችን በካልኩሌተር አባዙ፤ 0.125 ይላል። አንድ ስምንተኛ መሆኑን ግን ካልኩሌተሩ አላረጋገጠላችሁም። ወረቀት አውጡና ብዜቱን በ20 ዲግሪ ሳይን አባዝታችሁ ጀምሩ፤ አራት መስመር ይበቃችኋል።